በወረቀት ሃያ አንድ

«ዝለል አቦ! ምን ትቆጥራለህ?»

ኦብሳ ካምፓላ ጥግ፣ ፖርት ቤል ወደብ ላይ የታሰረች አሮጌ የጭነት ጀልባ ጫፍ ላይ ወጥቶ፣ በቁምጣ ብቻ፣ ክንዱን በክንዱ አቅፎ ይንቀጠቀጣል። ከበታቹ ሐይቁ ጠቁሯል። ሰማዩ ያካፋል። ረመዳን ደግሞ ደረቁ ላይ ቆሞ በአንድ እጁ የጓደኛውን ልብስ፣ በሌላው ቻፓቲ ውስጥ የተጠቀለለ እንቁላል፣ ያቺን ሮሌክስ የሚሏትን፣ ይዞ አፉ እንደሞላ ይጮሃል።

«አንተስ ለምን አትዘልም?»

«እኔ አሥራ አራት ዓመቴ ነው፣ ሕፃን ነኝ። ሃያ አንድ ዓመቴ ነው ብሎ ጦጣ ሊያይ የሚሄደው ማነው? ትልቅ ሰው ውሃ ይፈራል እንዴ?»

ይቺ ናት የነካችው። ዘለለ።

ሐይቁ በጥፊ ተቀበለው። ብቅ ሲል በአፍንጫው የገባው ውሃ ዓሣ ዓሣ፣ ናፍጣ ናፍጣ ይላል። ዓሣ አጥማጆቹ አጨበጨቡለት፤ ረመዳንም የቀረችውን ሮሌክስ ሸለመው። ኦብሳ ቦዳ የሚሉት የኪራይ ሞተር ሳይክል ላይ ከኋላ ተፈናጦ፣ እርጥብ ቁምጣውን ነፋስ እያስመታ ሰፈሩ ካባላጋላ ሲገባ ራሱን ጀግና አድርጎ ነበር የሚያየው። ይሄ ቅዳሜ ነው። እሁድ ጠዋት የጀግናው አፍንጫ እንደተበላሸ ቧንቧ ይንጠባጠብ ጀመር።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ጉንፋን ምን ቁም ነገር አለው። ግን ማክሰኞ ጉዞ አለ። ጉዞው ደግሞ እንደዋዛ የተገኘ አልነበረም።

የሃያ አንዱ ነገር እንዲህ ነው። ኦብሳ ከነቤተሰቡ ኡጋንዳ ሲገባ የአምስት ዓመት ልጅ ነበር። አባቱ ዲሪባ የስደተኛ ቅጽ ሲሰጠው፣ የልጁ የትውልድ ቀን የሚለው ጋ ሲደርስ ደረቱን ነፍቶ የሚያውቀውን ጻፈ፦ ሚያዝያ 2004። የፈረንጁ ዘመን ከኛው በሰባት ስምንት ዓመት እንደሚቀድም አልጠፋውም፤ በዚያ ቀን፣ በዚያ ሰልፍ፣ በዚያ ፀሐይ ግን ትዝ አላለውም። እንደተጻፈ ታተመ። በአምስት ዓመቱ የገባው ልጅ በአሥራ ሦስት ዓመቱ ወጣ። አሁን እውነተኛ አሥራ ሦስቱን ሲደፍን፣ ወረቀቱ ሃያ አንድ ገብቷል።

ካባላጋላ ውስጥ ይሄ ብርቅ አይደለም። እናቱ ደመቀች በወረቀት ከታላቅ እህቷ ትበልጣለች። ጎረቤታቸው ጋሽ ሶሬሳ ወረቀቱን አምነው ጡረታ ለመጠየቅ ሁሉ ዳድቷቸው ነበር። «ለምን አናስተካክለውም?» ብሎ ኦብሳ ሲጠይቅ፣ ቀኑን ሙሉ ጎማ ሲለጥፍ የሚውለው ጎሚስታው አባቱ መልሱ አንድ ነው። «ወረቀት ማለት የንብ ቀፎ ነው ልጄ። ካልነካኸው አይነካህም።»

ኦብሳም አልነካውም። እስኪጠቅመው ድረስ።

ትምህርት ቤታቸው ውስጥ የዱር እንስሳት ክበብ አለ። አንድ በጎ አድራጊ ድርጅት ክበቡን ምጋሂንጋ ድረስ ልውሰዳችሁ አለ፤ ከካምፓላ ቀኑን ሙሉ ተነድቶ፣ ከሩዋንዳና ከኮንጎ ድንበር የተለጠፈች፣ በኡጋንዳ ካሉት የተራራ ፓርኮች ሁሉ ትንሿ። አሥራ ሁለቱም የክበቡ ልጆች ይሄዳሉ። ቀርከሃው ውስጥ ገብተው ወርቃማ ጦጣ የሚከታተሉት ግን አምስት ብቻ ናቸው፣ ያውም አሥራ አምስት ዓመት የሞላቸው። የክበቡ ኃላፊ ሚስ ናካቶ መታወቂያ ሰበሰበች። የኦብሳ ላይ ስትደርስ መነጽሯን አወለቀች።

«ኦብሳ፣ አንተ ሃያ አንድ ዓመትህ ነው?»

«ወረቀቱ እንደዛ ነው የሚለው፣ ሚስ።»

አያችሁ፣ አልዋሸም። ወረቀቱ ነው የዋሸው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፣ ሚስ ናካቶ ግን በመንግሥት ማኅተም የምትከራከር ሴት አይደለችም። ስድስት ሰው ሆኑ። ዕጣ ወጣ። የቀረችው ሃፍሳ ናት።

ሃፍሳ እዚያው ኦብሳ የሚኖርበት ግቢ ነው የምትኖረው። እውነተኛ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ አባቷ ቅጽ ሲሞላ በጣቱ ቆጥሮ፣ አስልቶ ነበር የጻፈው። የጦጣ ደብተር አላት፤ ፊታቸውን ብቻ፣ በእርሳስ፣ አንዱ ከአንዱ እንዳይመሳሰል አድርጋ የምትስልበት። ሚያዝያ ላይ ደግሞ እናቷ እትዬ ኢሕሳን ለኦብሳ አሥራ ሦስተኛ ልደት ድፎ ዳቦ ሲቆርሱ ቢላዋውን ያቀበለችው እሷ ናት። አንድ ቃል ብትናገር ዕጣው ይፈርሳል። አልተናገረችም። ከክፍሉ ሲወጡ ብቻ ጠጋ ብላ፣

«እንኳን ደስ አለዎት፣ ጋሼ» አለችው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንተ ብላው አታውቅም።

ሰኞ ከሰዓት ደመቀች የበርበሬ ፌስታሎቿን እያሰረች ልጇን በዓይኗ ትከተለዋለች። ለካባላጋላ ሐበሻ ምግብ ቤቶች በርበሬና ሽሮ የምታከፋፍለው እሷ ናት፤ ቤቱ ውስጥ ማስነጠስ ብርቅ አይደለም። ሆኖም እናት እናት ናት።

«ይሄ ጉንፋን ነው።»

«በርበሬው ነው እማ።»

«በርበሬው ከተወለድክ ጀምሮ አለ። አፍንጫህ የቀላው ዛሬ ነው።»

ዝንጅብል አፈላችለት። እሱ ደግሞ በራሱ ሐኪምነት ነጭ ሽንኩርት ልጦ አፍንጫው ውስጥ ወተፈ፤ ይሄ ከረመዳን የተገኘ ምክር ነው። ዓይኑ በእንባ ተሞላ፣ አንዱ ፍሬ ጠልቆ ገብቶ እናቱ ጀርባውን ደልቃ ነው ያስወጣችው። ዲሪባ ግን ይሄን ሁሉ አላየም። ከትምህርት ቤት የመጣው ወረቀት ላይ አቀርቅሮ አንዱን የተራራ ተክል ፎቶ በጥቁር ጥፍሩ ይነካል።

«እንዴ! ይሄማ ጅብራ ነው! እዩት፣ ቀጥ ብሎ እንደ ወታደር። ባሌ ሰነቴ ላይ እኮ ሞልቷል። እዚህም አለ በሉኛ!» ወደ ልጁ ዞረ። «ካየኸው ፎቶ አንሳልኝ።»

«እሺ አባ» አለ ኦብሳ፣ ወረቀቱን ከእጁ እየወሰደ። የታችኛውን መስመር በአውራ ጣቱ ሸፍኖ አጠፈው። እዚያ ላይ የተጻፈውን ከጠዋት ጀምሮ አሥር ጊዜ አንብቦታል፦ ጉንፋን፣ ሳል ወይም ትኩሳት ያለበት ሰው ወደ እንስሳቱ አይቀርብም።

ማክሰኞ አውቶቡሱ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብሎ መቀመጥ አቃተው። እግሩ ይንቀጠቀጣል፣ መስኮት ይከፍታል፣ መስኮት ይዘጋል። ማስነጠስ ሲመጣበት ምላሱን ላንቃው ላይ ለጥፎ ትንፋሹን ይይዛል፤ ዓይኑ ይፈጣል፣ ጆሮው ይጮሃል። አንዴ ብቻ አመለጠችው። ሚስ ናካቶ ከፊት ዞረች፣ እሱ የተጠበሰ ጎንጃ ሙዝ እየበላ ትን ያለው መሰለ። ከጎኑ የተቀመጠችው ሃፍሳ ከቦርሳዋ ሮዝ አበባ ያለበት ሶፍት አወጣች።

«ይቀበሉኝ፣ ጋሼ። ጎንጃው በአፍንጫዎ ወጥቷል።»

«አቦ ሙድ አትያዢ።»

«ምን አልኩ? በዕድሜዎ መጠን እያከበርኩዎት ነው።»

ሶፍቱን ግን ተቀበለ።

ከፓርኩ ሥር ያለችው ኪሶሮ ከተማ ሲደርሱ መሽቶ ስለነበር ምንም አላዩም። ጠዋት በር ሲከፍቱ ነው ተራሮቹ ከፊታቸው የቆሙት። ሦስት ናቸው፣ ድሮ እሳት ሲተፉ የነበሩ። ካምፓላ ውስጥ ኮረብታ ማለት ላዩ ላይ ቤትና አንቴና የተሰካበት ነገር ነው። እነዚህ ላይ ምንም የለም። ደመና ብቻ ወገባቸው ላይ እንደ ነጠላ ታስሯል። ብርዱ ደግሞ አጥንት ይፈልጋል፤ የኦብሳ አፍንጫ ያቺን ብርድ ስታገኝ በደስታ ተለቀቀች።

የፓርኩ በር ላይ ትልቅ መዝገብ አለ። ስም፣ አገር፣ ዕድሜ፣ ስልክ። ኦብሳ ስሙን ጻፈ። ዕድሜ የሚለው ጋ 21 ብሎ፣ የ1ን እግር አስረዝሞ ጻፋት። ስልኩን ባዶ ተወው። የፓርኩ ጠባቂ ረጅም ቀጭን ሰውዬ ነው፤ ስሙ ንዛቦኒምፓ፣ ልጆቹ ከሁለት ሙከራ በኋላ ሚስተር ንዛ ብለው የተገላገሉት። መዝገቡን አየ፣ ልጁን አየ።

«ሃያ አንድ?»

«ቤተሰቦቼ አጫጭር ናቸው» አለ ኦብሳ።

«ጉንፋን፣ ሳል፣ ትኩሳት ያለበት አለ?»

ኦብሳ ፊቱን ወደ ተራሮቹ አዞረ። ሃፍሳ የጫማዋን ክር ታስራለች። የታሰረ ክር ነበር።

ማሳውን ከጫካው እስከሚለየው የድንጋይ ግንብ አሥራ ሁለቱም አብረው ወጡ። መንገዱ በድንች ማሳ መሃል ነው የሚያልፈው። አፈሩ ጥቁር፣ ድንጋዩ ጥቁር፤ ገበሬዎቹ ለዘመናት እየለቀሙ ጥግ ጥጉን ከምረውታል። «ጋሂንጋ ማለት ይሄ ነው፣ የድንጋይ ክምር» አለ ሚስተር ንዛ መሃለኛውን ተራራ እያሳየ። «በግራ በኩል ሹሉ ሙሃቡራ ነው፣ መንገድ መሪ ማለት። በቀኝ ያ የተሸራረፈው ሳቢንዮ ነው። የሽማግሌ ጥርስ።»

«የማን ጥርስ?» አለች ሃፍሳ ቶሎ ብላ። «ጋሼ፣ እስቲ ፈገግ ይበሉ፣ እናመሳስል!»

ክበቡ በሳቅ ሞተ። ሚስ ናካቶ እንኳ ፊቷን አዞረች።

«የሳቢንዮ አናት ላይ ሦስት አገር ይገናኛል» አለ ሚስተር ንዛ። «እዚህ ያሉት ጎሪላዎች ጠዋት ኡጋንዳ ቁርስ ይበላሉ፣ ደስ ካላቸው ሩዋንዳ ይሻገራሉ። አንዳንዴ ወራት ይቆያሉ፣ ከዚያ ይመለሳሉ።»

«ቪዛ የለ፣ ካርድ የለ?» አለ ኦብሳ።

«ማንም አይጠይቃቸውም።»

«የትውልድ ቀናቸውንም?»

«እሱንም።»

ኦብሳ ይሄን ለአባቱ እነግረዋለሁ ብሎ አሰበ። ወዲያው ግን ንፍጡ መጣ። ጫማው ውስጥ ጠጠር የገባ መስሎ ወደ ኋላ ቀረት አለ፣ ጥግ ይዞ በሮዟ ሶፍት በደንብ ተናፈጠ። እፎይ! ከሦስት ቀን በኋላ የመጀመሪያዋ ሙሉ ትንፋሽ ነበረች። ሶፍቷን ኪሱ ሊከታት አሰበና እርጥበቷ አስጠላው። ጎሽ ወደ ማሳ እንዳይገባ የተሠራው ግንብ እዚያው ጎኑ ነው፣ ከግንቡ ወዲያ ጫካ። ወረወራት። ቀርከሃ ቅጠል ላይ ዐረፈች።

ግንቡ ላይ ጠባብ መሸጋገሪያ አለ። ከዚያ ወዲያ የሚገቡት አምስቱ ናቸው፤ ሰባቱ እዚህ ይቀራሉ። ኦብሳን ጨምሮ አምስቱ ተሻገሩ። ከግንቡ ወዲያ ሌላ ዓለም ነው። ቀርከሃው ጥቅጥቅ ብሎ ነፋሱ በመጣ ቁጥር እርስ በርሱ ይንቋቋል፤ አሮጌዎቹ ዛፎች ላይ አረንጓዴ ጢም ተንጠልጥሏል። የኦብሳ ልብ ሩጫ ጀመረች። ሚስተር ንዛ ጭምብል አደለ። ኦብሳ እስከ ዓይኑ ድረስ ሳበው፤ አሁን አፍንጫው እንደ ወንዝ ቢፈስም ማን ያያል? አበቃ። ገባ ማለት ነው።

ሚስተር ንዛ ከመሬት የተላጠ የቀርከሃ እንቡጥ አነሳ። ገና እርጥብ ነበር።

«ዛሬ ጠዋት እዚህ ነበሩ። ቅርብ ናቸው። አንድ ነገር ብቻ ልንገራችሁ። ምንም ነገር እንዳትጥሉ። የከረሜላ ወረቀት፣ ቁልፍ፣ ምንም። እነሱ እንደናንተ ናቸው፣ ያገኙትን ያነሳሉ፣ ያሸታሉ፣ ከዚያ ይቀምሳሉ። ባለፈው አንዷ የስክሪብቶዬን ክዳን ከእጄ ወስዳ እንደ ከረሜላ ስትልስ ነበር። የኛ ጉንፋን ለኛ ሦስት ቀን ነው። እነሱ ግን መከላከያው የላቸውም። አንዷ ከያዛት ለልጇ፣ ልጇ ለሌላው እያለ መንጋውን ያዳርሳል። እኛ የምንፈራው አዳኝ ብቻ አይደለም፣ ሶፍትም እንፈራለን።»

የኦብሳ ጀርባ ላይ የሆነ ቀዝቃዛ ነገር ወረደ። የፖርት ቤል ውሃ እንኳ እንደዛ አልቀዘቀዘም።

ምን አለ፣ አለ በልቡ። ጫካው ትልቅ ነው። ሶፍቷ ትንሽ ናት። ዝናብ ይመጣል፣ ትበሰብሳለች። ዝም ብል ማን ያውቃል? ከአምስት ደቂቃ በኋላ ቀርከሃው ውስጥ ነኝ። ረመዳን ፎቶውን ሲያይ ይሞታል። ከአሁን በኋላ እንዲህ ያለ ዕድል መቼ ይገኛል?

«ያውላችሁ!» ብላ አንዷ ልጅ በሹክሹክታ ጮኸች።

በመጡበት በኩል፣ ከግንቡ ጥግ፣ አንድ ቀርከሃ ጎንበስ ብሎ ተነሳ። ከዚያ ወርቅ ወረደ። ሌላ ቃል የለውም። ጀርባዋ እንደጋለ ብረት ብርቱካንማ፣ ጉንጯ ወርቅ፣ እጅና እግሯ ከሰል። ሆዷ ላይ ልጇ ተለጥፏል፣ ጆሮው ብቻ ይታያል። ግንቡ ላይ ቁጭ አለችና ሕዝቡን እንደ ገበያ ዕቃ ተመለከተችው። ያልወደደችው መሰለ፤ ወደ ታች ወደ ጫካው ዘለለች፣ ወዲህ ወዲያ አየች፣ እጇን ዘረጋች።

ሮዝ አበባ።

ከሁሉም ሰው መሃል ምን እንዳነሳች የሚያውቅ ኦብሳ ብቻ ነው። በጣቶቿ ገለበጠቻት፣ እንደ ደብዳቤ ዘረጋቻት። ልጇ ከሆዷ ላይ አንገቱን አወጣ። ሃፍሳ ከሰባቱ ጋር ቆማ ደብተሯን ከፍታለች፣ እርሳሷ ይሮጣል፣ ሶፍቷን አላየቻትም። ጦጣዋ ሶፍቷን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች።

«ሶፍት!» ብሎ ኦብሳ አበደ። «ሚስተር! የኔ ሶፍት ናት! ጉንፋን አለብኝ! ውሰድባት፣ ውሰድባት!»

ሚስተር ንዛ አንድም ጥያቄ አልጠየቀም። እጁን ጧ ጧ አድርጎ እያጨበጨበ በግንቡ ሥር ሮጠ። ጦጣዋ ደነገጠች፣ ሶፍቷን ጣለች፣ ሁለት ዘላ ቀርከሃው ውስጥ ጠፋች። ቅጠሉ ትንሽ ተወዛወዘ፣ ከዚያ ዝም አለ። ሰውዬው በፌስታል እጁን ጠቅልሎ ሶፍቷን ለቀማት፣ ከዚያ የወደቀችበትን ቅጠል ሁሉ ቆርጦ ጨመረበት። ሲመለስ አልቸኮለም።

«ምን ሆነህ ነው ያባረርካት!» አለ ከአምስቱ አንዱ ለኦብሳ። «ገና ስልኬን እያወጣሁ!»

ሚስተር ንዛ ኦብሳ ፊት ቆመ። «በር ላይ ጠይቄ ነበር።»

ኦብሳ ጭምብሉ ውስጥ አፍንጫው ይፈሳል፣ አሁን ማፈሩ ነው ወይ ጉንፋኑ አይታወቅም።

«አዎ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ቀምሳት ይሆን?» አለ በምትኩ። «ትታመማለች?»

«አላየሁም። አላውቅም። ውስጥ ያሉት የኛ ሰዎች ይከታተሏታል፣ እናያለን።» ሬዲዮውን አውጥቶ በራሳቸው ቋንቋ የሆነ ነገር ተናገረ። ውስጥ ያሉት ተከታታዮች መለሱለት። ኦብሳ ቋንቋውን ባያውቅም ስለሱ እያወሩ እንደሆነ ገባው።

ሚስ ናካቶ ቀረበች፤ አልተቆጣችም፣ ብትቆጣ ይሻል ነበር። ኦብሳ መሸጋገሪያዋን ተመልሶ ወጣ፤ ከሁሉም አሥር እርምጃ ርቆ ቆመ።

«ሚስ፣ አምስተኛ ሰው ጎድሏል» አለ። «ሃፍሳ ትግባ። መጀመሪያም የሷ ነበር።»

«መጀመሪያ የሷ ነበር ማለት?»

«ስንመለስ እነግርሻለሁ።»

ሃፍሳ አልተንቀሳቀሰችም። ደብተሯን ደረቷ ላይ ይዛ ታየዋለች።

«ሂጂ አቦ! ምን ትቆጥሪያለሽ?» አለ ኦብሳ። ድምፁ በአፍንጫው ወጣ፤ ወዲያው በክርኑ ላይ ሦስት ጊዜ አከታትሎ አነጠሰ። ሁለት ቀን የታፈነ ነው፣ ሙሃቡራ ድረስ ሳይሰማ አይቀርም። ማንም አልሳቀም። እሷ አዲስ ጭምብል ተቀብላ ገባች።

ሁለት ሰዓት ተኩል ቆዩ። ኦብሳ ታች የድንች ማሳው ጥግ፣ የድንጋይ ክምር ላይ ተቀመጠ፣ ተነሳ፣ ዞረ፣ እንደገና ተቀመጠ። ጠጠር ወርውሮ ሌላ ጠጠር ሊመታ ሞከረ፣ ከዚያ እንደገና መወርወር አስጠላውና ተወው። ሰባተኛ ክፍል ያለው ትንሹ ልጅ መጥቶ «እውነት ሃያ አንድ ነህ?» ብሎ ጠየቀው፣ «ራቅ በል፣ ይጋባል» ብሎ መለሰው። ደመናው ከሙሃቡራ ላይ ለአንድ ደቂቃ ያህል ተነሳ፤ አናቱ ጋ ቀጥ ቀጥ ያሉ ነገሮች ቆመዋል፣ ጅብራ ይሁኑ ድንጋይ ከዚህ አይለይም። ስልኩን አውጥቶ ለአባቱ አነሳቸው። ፎቶው ላይ ደመና ብቻ ወጣ።

ሃፍሳ ስትመለስ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነች። ፀጉሯ ላይ የቀርከሃ ቅጠል ተሰክቷል። ቀጥታ ወደሱ መጣች፣ አሥሩ እርምጃ ጋ ቆመች።

«እ?» አለ ኦብሳ።

«ሃምሳ ይሆናሉ። አንዱ ጫማዬ ላይ ሊሸና ነበር።» ፈገግታዋ ፊቷ አልበቃው አለ። «አንተ፣ ባለልጇንም አየናት። እየበላች ነው።»

አንተ አለችው። ሁለቱም ሰምተውታል፣ ሁለቱም ያልሰሙ መሰሉ።

በሩ ላይ ሲደርሱ መዝገቡ እንደገና ተከፈተ፤ የወጣ ሰው ስሙ አጠገብ ይፈርማል። ኦብሳ ስክሪብቶውን ይዞ ቆመ። ከኋላው ሚስ ናካቶ አለች፣ ትከሻው ላይ እስትንፋሷ ይሰማዋል። አባቱ ትዝ አለው፤ ያ ሰልፍ፣ ያ ፀሐይ፣ የንብ ቀፎው። ከዚያ 21ን በአንድ መስመር ሰረዛት። ከጎኗ 13 ብሎ ጻፈ፤ አሁን የ1ን እግር አላስረዘመም።

ሚስተር ንዛ መዝገቡን ወደሱ ዞር አደረገው። «ጠዋት ሃያ አንድ ነበርክ።»

«የኛ አገር ሰው ከተራራ ሲወርድ እንደዚህ ነው» አለች ሃፍሳ ከኋላ።

ሰውዬው አልሳቀም፣ ግን መዝገቡንም አልወሰደም። ሚስ ናካቶ መነጽሯን አወለቀች። አውቶቡሱ ውስጥ ገና የአሥር ሰዓት መንገድ አለ፤ ለመናገር ጊዜ አላት።

ኦብሳ ስክሪብቶውን አላስቀመጠም። ጠዋት ባዶ የተወውን ዓምድ አየው። ስልክ። የሱ ስልክ ግማሽ ቀን ይሠራል፣ ግማሽ ቀን ሞቶ ይውላል። ሁልጊዜ የሚነሳው የአባቱ ነው፤ ጎማ ሲፈነዳ ሰው የሚደውልበት።

«ባለልጇ ከታመመች» አለ፣ ቀና ሳይል፣ «በዚህ ደውልልኝ። አባቴ ነው የሚያነሳው። ስለምን እንደሆነ ንገረው፣ እኔም ዛሬ እነግረዋለሁ።»

ቁጥሩን አንድ በአንድ ጻፈ። ሲጨርስ ከመጀመሪያው ጀምሮ በጣቱ እየተከተለ፣ አንዷም እንዳትሳሳት፣ ደግሞ አነበበው።